ገንዘቧን ተቀብለን ቃሏን የመለስን

ደላላን መርገም ቀላል ነው። ይረገም፤ አልከራከርለትም። ነገር ግን ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ ወደ አረብ አገር የሚነሱ ልጆች ሁሉ ደላላ አታልሏቸው ነው የሚሄዱት የሚለውን ንግግር ከእንግዲህ ዝም ብዬ አልሰማም። ደላላ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልጅቷ ልቧ ከሸፈተ በኋላ መጥቶ ዋጋውንና መንገዱን ይነግራታል። ልቧን ያሸፈተው ከእሷ በፊት ሄዳ የተመለሰች ሰው ታሪክ ነው፤ የእህት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት። ያም ታሪክ ሙሉ አይደለም። የቆረጥነው እኛ ነን። ወርቁን፣ ሀዋላውን፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን ለታናሿ አስተላልፈን፣ የቀረውን ተናጋሪዋ አፍ ውስጥ መልሰን የከተትነው እኛ ቤተሰቦቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ ዕድርተኞቿ ነን።

ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም። ያደግሁት ወሎ ነው፤ ቡና በአቦል በማያበቃበት ቤት። ከአረብ አገር ሰው የመጣ ዕለት ያ ቤት ይሞላል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ጥያቄውም ይወርዳል። ደመወዝሽ ስንት ነበር? ወርቁ የዚያው አገር ነው? ለእናትሽ ምን ይዘሽላት መጣሽ? ቤቱን መቼ ታስጀምሪላታለሽ? ተመልሰሽ ትሄጃለሽ ወይስ ቀረሽ? በእንዲህ ያለ ቡና ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። «የት ነበር የምትተኚው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልገጠመኝም። የቤቱን ቁልፍ ማን ነበር የሚይዘው? ፓስፖርትሽስ ማን እጅ ነበር? ታምመሽ ታውቂያለሽ? ማን አሳከመሽ? ሳይከፈልሽ የቀረ ወር አለ? እነዚህን ለመጠየቅ ትምህርት አያስፈልግም። የጠፋው ድፍረቱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከሳዑዲ የመጣች ጊዜ አቦሉ ገና ሳይቀዳ «ማዳሜ ስትወጣ ከውጭ ቆልፋብኝ ነበር የምትሄደው» ብላ ጀመረች። ሳታለቅስ፣ ረጋ ብላ፣ ስለ ሥራው እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የጀመረችው። ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት እናት እጇን ያዝ አድርገው «ተይው ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ በይ፤ ይኸው አገርሽ ገብተሻል» አሏት። ሌላዋ ቀበል አድርገው ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ማውራት ጀመሩ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። እኒያ እናት ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ታመመ ከተባለ ሌሊት ተነስተው የሚመጡ ሴት ናቸው። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ የልጆቻችንን አፍ የምንዘጋው በስድብ ሳይሆን በማጽናናት ነው። «አይዞሽ፣ አልፏል» ስንላት ለእሷ ያለፈ ነገር የለም። ያለፈልን እኛ ነን፤ ሳንሰማ ስላመለጥን።

የአክስቴ ልጅ በሌላ ቤት ቡና ስትጠራ የቁልፉን ነገር አላነሳችም። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን ከደመወዙ መጀመር ለመደች። እየቆየ የምታወራው ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ልጆቹ ልብስ፣ ስለ ረመዳን ማዕድ ሆነ። አልዋሸችም። አሳንሰሩም ነበር፣ ማዕዱም ነበር። የተቆለፈው በር ብቻ ከታሪኩ ወጣ።

ከታሪክ የወጣ ነገር ደግሞ ከትዝታም ይሸሻል። ይህን የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሂጊንስና ሮልስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። ካነበቡ በኋላ ሰውየውን ለሌላ ሰው ግለጹት ተባሉ፤ አድማጩ ሰውየውን እንደሚወደው ወይም እንደማይወደው አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ለሚወደው አሳመሩለት፣ ለማይወደው አጠየሙለት። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የምናደርገው ነው። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቆይቶ «ያነበባችሁት ጽሑፍ ራሱ ምን ይል ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ትዝታቸው ወደ ተናገሩት አጋድሎ ተገኘ። ለአድማጭ ደስታ ብለው ያዘነበሉት ነገር የገዛ ራሳቸው ትዝታ ሆነ። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር አሳይቶ ነበር። ለእንግሊዛውያን አንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተረት አስነብቦ ደጋግመው እንዲያወሱት ሲያደርግ፣ ለአገራቸው ልማድ እንግዳ የሆነው እየተንጠባጠበ ቀረ፤ የተረፈውም የእነሱን አገር መልክ ያዘ።

ወሎ ውስጥ ለልማዳችን እንግዳ የሆነው ነገር ምንድን ነው? ሄዳ፣ ለፍታ፣ ተዋርዳ የተመለሰች ልጅ ናት። «ሄደች፣ ሠራች፣ ቤት ሠራች» ለሚለው ትረካ ቦታ አለን። «ሄደች፣ ተቆለፈባት፣ ቤትም ሠራች» ለሚለው ግን የለንም። ስለዚህ መካከለኛው ቃል ይወድቃል። የአክስቴ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ልትሄድ ስትነሳ «በዚያ ቤት የቆለፉብሽስ?» አልኳት። «ኧረ ያን ያህልም አልነበረም እኮ» አለችኝ፤ ከልቧ ነበር። ያን ያህል ነበር። ያን ያህል እንዳልነበረ ያስተማርናት እኛ ነን፤ እሷም ተምራ ተመልሳ ሄደች።

«ድህነቱስ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ድህነቱ አለ፤ አልካደውም። ግማሽ ጥማድ መሬት ለአምስት ልጅ እንደማይበቃ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረች ልጅ ከተማ ወርዳ በምታገኘው ደመወዝ የቤት ኪራይ እንደማትሸፍን የማያውቅ ሰው ስለ ስደት ባያወራ ይሻለዋል። ግን ድህነት የሚላት «ተነሺ» ብቻ ነው። ወዴት፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዘሽ፣ ምን ሲያደርጉሽ እንቢ ብለሽ የሚለውን የምትወስነው ከሰማችው ታሪክ ተነስታ ነው። ግማሽ ታሪክ የሰማች ልጅ በግማሽ ዓይኗ ነው የምትሄደው።

ደግሞ ኢሞ የሚባለው የስልክ ቪዲዮ ጥሪ አለ። እናቲቱ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ታደርግና መሐል ላይ ታስቀምጠዋለች። ሰፈሩ ይሰበሰባል። «እንዴት ነሽ?» ይላሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ልጅቷ ከማዳሟ ሳሎን ያማረውን ጥግ መርጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ምን ትበል? ሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት በአሥር ሰው ፊት ትናገር? ከበስተጀርባዋ ማዳሟ ብትኖርስ? ሳሎኑን ያየችው ታናሽ እህት ሳሎኑን ይዛ ትተኛለች። በማግስቱ ፓስፖርት ማውጫ የት እንደሆነ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ነው ደላላው የሚመጣው።

መንግሥትስ ምን ሠራ? ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ላይ የሥራ ጉዞውን አገደ። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ቦሌ ወረደ። ያን ሰሞን ዜናው ቁጥር ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ገባ፣ ትናንት ያን ያህል ገባ። ከ160 ሺህ በላይ ምስክር በአንድ ጊዜ አገሩ ሲገባ፣ የሥራውን ውስጠ ምስጢር ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ በአውሮፕላን እየተጫነ ሲመጣ፣ የሠራነው ትልቁ ሥራ መቁጠር ሆነ። በየቀበሌው አስቀምጦ ያዩትን አንድ በአንድ መስማት፣ የሰሙትን ለስምንተኛና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ማድረስ ይቻል ነበር። በየሰፈራቸው ተበተኑ፣ በየቡናው «አልፏል» ተባሉ፣ ብዙዎቹም ተመልሰው ሄዱ። በ2008 አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ የያዘች ትሂድ አለ። በ2010 እገዳው ተነሳ። አዋጁ ከእገዳው ይሻላል፤ ይህን እመሰክራለሁ። ነገር ግን ልጅቷ ከአክስቷ ልጅ የምትሰማውን ታሪክ በአንቀጽ ብዛት ማሸነፍ አይቻልም።

በፖስተርም አይቻልም። «ሕገወጥ ስደት ይገድላል» የሚለውን ሰሌዳ አይታ ወደ ቤቷ የምትገባ ልጅ፣ በሩ ላይ የምታገኘው ያልሞተች ጎረቤቷን ነው፤ ወርቅ አድርጋ፣ ወፍራ፣ ስቃ። ማንን ታምናለች? በሕይወት ያለችውን እንጂ። ሰሌዳው ሙሉውን እውነት ቢሆን እንኳ የሌላ ሰው እውነት ነው።

በቴሌቪዥኑ ላይ ያለኝ ቁጣ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ተመላሿን ያመጧታል፣ መብራት ያበሩባታል፣ ሙዚቃ ከስር ይለቁባታል፣ እስክታለቅስ ይጠይቋታል። ስታለቅስ ጠያቂው አብሮ ያለቅስና የባንክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ያቺ ሴት የሰው አገር ቋንቋ የተማረች፣ ሦስት ሕፃናት አሳድጋ የመጣች፣ ከፊል የሚባለው አሠሪ ፈርሞ ካልለቀቀ ወዲህም ወዲያም ማለት በማይቻልበት በካፋላ ሥርዓት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የምታውቅ ባለሙያ ናት። ያንን የሚጠይቃት የለም። የሚፈለገው እንባዋ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ታሪክ ብቻ ቀረልን፤ የቡናው የድል ታሪክና የቴሌቪዥኑ የለቅሶ ታሪክ። ሁለቱም ለምትሄደው ልጅ አይጠቅሟትም። አንዱ ያስጎመጃታል፤ ሌላው «እኔን አይደርሰኝም» ያሰኛታል።

አለም ደቻሳን አስታውሱ። በ2004 ዓ.ም. የሁለት ልጆች እናት የነበረችው አለም ቤሩት ውስጥ፣ በገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ ስትጎተት ሌላ ሰው በቀረጸው ምስል አየናት። በመጋቢት እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስሁ። ግን አለምን ያወቅናት በሌላ ሰው ካሜራ ነው። እሷ ራሷ ምን አይታ፣ ምን ብላ እንደነበር ተቀምጠን የሰማናት ጊዜ የለም። እስካሁን አረብ አገር ያሉትን ሁሉ በሞታቸው ነው የምናውቃቸው ወይ በሀዋላቸው።

አሁን ወደ እውነተኛው ምክንያት ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚደባብሰው እሱን ነውና። «ገመና አይወራም» ይሉናል። የማን ገመና? የተቆለፈባት ልጅ ነውር የሠራች ይመስል! ልክ ነው፣ «ቆለፉብኝ» ካለች በኋላ የሰፈሩ ዓይን ሌላ ነገር ይፈልጋል። «የማዳሟ ባልስ ምን ያደርግ ነበር?» ይላል፣ አፉ ባይለው ዓይኑ ይላል። ከዚያ ባል ይርቃታል፣ የእናቷ ስም ይነሳል። ልጅቷ ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ስለዚህ ዝም የምትለው ማዳሟን ፈርታ አይደለም። ማዳሟ በባሕር ማዶ ቀርታለች። የምትፈራው እኛን ነው። ልጆቻችን ከዚያ ቤት እስር ወጥተው በእኛ ምላስ የሚታሰሩ ከሆነ፣ ስለ አረብ ጭካኔ የምናወራበት አፍ ከየት አገኘን?

ወንዶቹማ ጨርሶ አይናገሩም። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በጀልባ የመን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ድንበር የተጓዙ ልጆች አሉን። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ዘርዝሯል። ከዚያ የተረፉ ልጆች በየመንደሩ ተቀምጠዋል። አባት ለመንገዱ ብሎ በሬ ሸጧል፤ ልጁ ባዶ እጁን መጥቷል። ባዶ እጁን የመጣ ወንድ ቡናው ላይ መናገሪያ ተራ የለውም። ጓደኛው አጠገቡ ሲወድቅ ያየ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ጫት ሲቅም እናየዋለን፤ «ሰነፍ» እንለዋለን። ታናሽ ወንድሙ በሌላው ዓመት በዚያው መንገድ ይነሳል።

መስማት ሥራ መሆኑን ያወቁት እኛ ሳንሆን እዚያው ያሉት ሴቶች ናቸው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። በዚያ አገር የቤት ሠራተኛ የነበረችው ራሔል ዘገየ ስለ ጓደኞቿ ሕይወት ፊልም ሠርታለች፤ ቲያትርም ጽፋለች፤ የቲያትሩ ርዕስ ሰሚ ስላጣ ጩኸት ነው። ባንቺ ይመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለውን ማኅበር አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ሲሄዱ፣ ምግብና መጠለያ ለማግኘት ከተሯሯጡት መካከል እነዚህ ሴቶች ነበሩበት። ገንዘብ የለቀሙት ታሪካቸውን በገዛ አንደበታቸው ተናግረው ነው። አላዘኑም አልልም። ግን የሚናገሩት እንዲታዘንላቸው አይደለም፤ ሌላዋ እንድታውቅ ነው። ልዩነቱን እዩት።

ሙሉ ታሪክ ስል ክፉውን ብቻ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የአክስቴ ልጅ ከሁለተኛው ጉዞዋ ከተመለሰች በኋላ ታናሽ እህቷም ልሂድ አለች። አንድ ከሰዓት ሁለቱ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ታናሺቱ «ቁልፉን ማን ነበር የሚይዘው?» ብላ ጠየቀቻት። ያን ጊዜ፣ በዚያ ቡና ላይ፣ ፈንዲሻ ይዛ ስትዞር የነበረች ልጅ ናት፤ ትልልቆቹ ያቋረጡትን ዓረፍተ ነገር ይዛው አድጋለች። ታላቂቱ ነገረቻት። በሩን ነገረቻት። ኩሽና ውስጥ መተኛቷን፣ የተቀማችውን ስልክ፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ ነገረቻት። አሳድጋው «ማማ» ይላት የነበረውን ልጅ አሁንም እንደምትናፍቀው፣ ሁለተኛዋ ማዳሟ ደግሞ ደግ ሴት እንደነበሩ፣ የእናታቸው ቤት የተሠራው በዚያ ገንዘብ እንደሆነ፣ እሱን እንደማትጸጸትበትም ነገረቻት። ሁሉንም ባንድ ላይ።

ታናሺቱ አልቀረችም፤ ሄደች። በታሪክ ብቻ ድህነት አይድንም። ግን በጅቡቲ በኩል አልሄደችም፤ ፈተናዋን ወስዳ፣ ውሏን አስነብባ፣ በቦሌ ሄደች። የፓስፖርቷና የውሉ ፎቶ እህቷ ስልክ ላይ ቀረ። የአሠሪዋን ስምና የከተማውን ስም፣ የእህቷንም ቁጥር በቃሏ ያዘች፤ ስልክ ሊቀማ እንደሚችል ተነግሯታልና። አንድ ነገር ደግሞ ተስማሙ፦ ኢሞ ላይ በሰው ፊት «ሽሮ አለቀብኝ» ካለች ችግር ላይ ነች ማለት ነው።

አንድ እሑድ ደወለች። እንደተለመደው ቤቱ ሞልቷል፣ ስልኩ መሐል ላይ ነው። «ደህና ነኝ፣ ሽሮ ብቻ አለቀብኝ» አለች። እናቷ ለሚሄድ ሰው አስፈጭተው እንደሚልኩላት ነገሯት፤ ጎረቤቶቹም በርበሬ ጨምሩላት አሉ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ወጣች። ለላካት ኤጀንሲ ደወለች፣ ውሉን አነበበችላቸው፣ ስምና ከተማ ጠቀሰች፣ ለሚመለከተው ቢሮ እንደምትሄድ ነገረቻቸው፤ እስኪሰለቻቸው አልለቀቀቻቸውም። ልጅቷ ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት ገባች። ከእሷ ጋር በአንድ አውሮፕላን የሄዱት የሰፈራችን ልጆች ግን ዛሬ «ሽሮ አለቀብኝ» ቢሉ፣ የሚላክላቸው ሽሮ ነው።